እንዶድ፣ ዲዲቲ እና ባዶ ጀሪካን

ምሩቃን ሆይ፣ የክብር እንግዶችን ስም በየማዕረጉ መጥራት የመድረክ መሪው ድርሻ ነው፤ ለእሱ እንተወው። የሐረር ፀሐይም ንግግር ስላልተጨረሰ አትታገስም።

ከፊታችሁ የቆመው ሽማግሌ ዕድሜውን በኬሚስትሪ የፈጀ፣ በጁገል ግንብ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። እሱ ልጅ ሳለ ሐረር የምትጠጣው የሐረማያን ሐይቅ ውኃ ነበር። ሐይቁ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ሲደርቅ ከተማዋ ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት፤ ቢጫ ጀሪካንም በየቤቱ በረንዳ ተደረደረ። ወደ ጀሪካኑ እንመለስበታለን። ከሱ በፊት ግን ስለ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። በሽታውን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ናት። ሌላው ሰው አይቶ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ አደረጉና አንዷን አጣቢ ከአረፋሽ ጠብ አድርጊበት አሏት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አለቁ። ከዚያ በኋላ ዐድዋ ላይ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በየአገሩ የሚበቅለውን እንዶድ እያወዳደሩ ዓይነት 44 የሚባለውን መረጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ እንደታሰበው ከዐድዋ አልፎ ዓለም አቀፍ መድኃኒት መሆን አልቻለም። እናቶቻችን ስንት ትውልድ ሙሉ በእጃቸው ሲያሹት የኖሩት ነገር፣ «መርዛማነቱ በታወቀ ደረጃ፣ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመርመር» ተባለ። ጥያቄው ልክ ነው፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ዓይንንም ክፉኛ ይቆጠቁጣል። የሚያስቆጨው ምርመራው እዚህ አለመደረጉ ነው። አክሊሉና ለገሠ በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ የካናዳና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የደኅንነት ግምገማ የታተመው ግን በ1991 ነው። ከወንዙ ዳር ምልከታ 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ይህ ሁሉ የመርዛማነት ምርመራ በኮምፒውተር ያልቃል የምትሉ አላችሁ፤ ስትንሾካሾኩ ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው። አሜሪካኖቹ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቶክስ 21» ባሉት ፕሮግራም ወደ 10,000 የሚጠጉ ኬሚካሎችን በሮቦት ፈትነዋል። ኮምፒውተር የሞለኪውሉን ሥዕል አይቶ ብቻ ጠባዩን ይገምታል። ዲዲቲን ስጡት፤ ከውኃ ይልቅ ኦክታኖል ወደሚባለው ዘይት መሰል ፈሳሽ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ እንደሚያደላ ወዲያው ይነግራችኋል። ስለዚህ በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ በእናት ጡት ወተትም ይወጣል። ነገር ግን ለወባ ትንኝ የተሠራው ዲዲቲ ጫት ማሳ ድረስ እንዴት እንደደረሰ ኮምፒውተሩ አያውቅም። በኢትዮጵያ ጫት ላይ ቅሪቱን ያገኙት የአገራችን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ያገኙትም ቅጠሉን ገዝተው፣ ፈጭተው፣ ለክተው ነው። ያልለካነውን ነገር ሞዴሉ ከየት ያመጣዋል?

ወደ ጀሪካኑ። የሽማግሌው አክስት በፀረ ተባይ ጀሪካን የምግብ ዘይት ያስቀምጡ ነበር። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የመርዝ ዕቃ ነው» ሲላቸው፣ «ሦስቴ በአመድ አጥቤዋለሁ፣ ደግሞ አሽትተው!» አሉት። አሸተተው፤ ምንም አይሸትም። ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀ። ስብ የሚወድ ኬሚካል ፕላስቲኩ ውስጥ ሠርጎ ይገባል፤ ውኃ አያስለቅቀውም፤ ዘይት ሲያገኝ ግን ይወጣል። አክስቱ ሰምተው ሰምተው፣ «ታዲያ ሌላ ግዛልኛ!» አሉት። ገዛላቸው። አሮጌውን በሚስማር ሲበሳው ግን የሆነ ሀብት እንዳወደመ ሁሉ ቀኑን ሙሉ አኮረፉት።

እናንተም አታሹፉ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከምትወጡት ውስጥ ከአወዳይ ወይም ከፈረስ መጋላ የተገዛ ዕቃ ቀድሞ ምን እንደያዘ የጠየቀ ስንቱ ነው? መለያ ወረቀቱ ተልጦ፣ ክዳኑ ተቀይሮ ሲሸጥ እያያችሁ ዝም ትላላችሁ። ዲግሪ ይዞ ዝም ማለት ያበሳጫል።

ከእናንተ መካከል የጤና ምሩቃን አሉ። በመጪው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትመደቡ አንድ ገበሬ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ፣ እያላበው ይመጣል። ምን እንደረጨ ጠይቁት። የንግድ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ጠርሙሱን አስመጡና ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስም ካርዱ ላይ ጻፉ። የሰብሉን ዓይነትና የረጨበትን ቀንም ጨምሩበት። የኬሚስትሪ ምሩቃን ሆይ፣ እነዚያን ካርዶች ሄዳችሁ ለምኑ፤ ሞዴሉ የሚያጣው መረጃ እነሱ ላይ ነው፤ ባይሰጧችሁ ሽማግሌው አብሯችሁ ይሄዳል።