ባለቤቱ የተናገረው ጉዳይ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን በየኪሳችን የያዝነውን ስልክ ይመለከታል። ስልኩ ካሜራ አለው፤ ካሜራው የሰውን ፊትና ድምፅ ይቀርጻል። የተቀረጸው ለምን ይውላል? ለመሳለቂያና ለሐሜት ነው ወይስ አንድ ሰፈር ችግሩን ተነጋግሮ እንዲፈታ?

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል የሀገራችን ሰው። ሆኖም በደል የደረሰበት ሰው ዝም ሲል ችግሩ አብሮት ይኖራል። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) ባሏ በጃሂሊያ ልማድ እንደ እናቴ ነሽ ብሎ ባገለላት ጊዜ ቤቷ ተቀምጣ አላለቀሰችም። ጉዳዩዋን ራሷ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዛ ሄደች፤ ተከራከረችም። የሱረቱል ሙጃደላ መጀመሪያ በእርሷ ጉዳይ ወረደ፤ በአንዲት ሴት አቤቱታ ሰበብ የመጣው ድንጋጌም ለሁሉም ሆነ። የአንድ ሰው ታሪክ የብዙዎች ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ይህንኑ በካሜራ የሞከሩ ሰዎች አሉ። በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኒውፋውንድላንድ ግዛት፣ ፎጎ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 5,000 ያህል ሰዎች በተራራቁ መንደሮች ይኖሩባት ነበር፤ መተዳደሪያቸውም ዓሣ ማጥመድ ነበር። ገቢያቸው ስለቀነሰ ብዙዎቹ የመንግሥት ድጎማ ጠባቂ ሆኑ። በዚያን ዘመን መንግሥት የሩቅ ዳርቻ መንደሮችን ነዋሪዎች ወደ ትልልቅ ሰፈሮች የማዛወር መርሐ ግብር ነበረው፤ የፎጎ ሰዎችም ያባቶቻቸውን ቀዬ የመልቀቅ ሥጋት ተደቀነባቸው። መንደሮቹ ግን በአንድ ድምፅ አይናገሩም ነበር። በክርስትና ሃይማኖት ክፍሎች ተለያይተው ትምህርት ቤታቸው እንኳ ለየብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሊን ሎው የተባለ የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባለሙያ፣ ከሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ካሜራ ይዞ ወደ ደሴቲቱ ሄደ። ስለ ድህነታቸው አንድ ረጅም ፊልም ሠርቶ ለከተማ ሰው ከማሳየት ይልቅ ከ20 በላይ አጫጭር ፊልሞችን አዘጋጀ። በእነዚህ ውስጥ ዓሣ አጥማጁም፣ ጀልባ ሠሪውም፣ የቤት እመቤቷም የየራሳቸውን ተናገሩ። እያንዳንዱ ሰው የተቀረጸውን አስቀድሞ አይቶ፣ ያልወደደውን የማስወጣት መብት ነበረው። ከዚያም ፊልሞቹ በየመንደሩ ታዩ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ውይይት ተደረገ። ፊት ለፊት ቢገናኙ የማይነጋገሩ ሰዎች የጎረቤታቸውን ችግር በእርጋታ አዳመጡ፤ ችግራቸው አንድ መሆኑንም አዩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፊልሞቹ ለመንግሥት ባለሥልጣናት ታዩ፤ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩም ምላሻቸው ተቀርጾ ለደሴቲቱ ሰዎች ቀረበ። ነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ዓሣቸውን በጋራ ማዘጋጀትና መሸጥ ጀመሩ። ደሴቲቱ አልተለቀቀችም፤ ዛሬም ሰው ይኖርባታል፤ ማኅበሩም ይሠራል። ይህን ሁሉ ካሜራው ብቻውን አደረገው ማለታችን አይደለም። ፊልሙ ከመምጣቱ በፊትም ለደሴቲቱ የሚታገል የነዋሪዎች ኮሚቴ ነበር። ካሜራው የረዳው፣ ለመሥራት የተነሡ ሰዎች እርስ በርስ እንዲደማመጡ ነው።

እህቶቻችን በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ምሳሌም አለ። በህንድ፣ አሕመዳባድ ከተማ፣ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ድሃ ሴቶች ማኅበር አለ፤ ሴዋ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የማኅበሩ አባላት የሆኑ ሴቶች የቪዲዮ ሥራ ተማሩ። ከመካከላቸው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነበሩ። እነርሱም የገበያ ሻጮችንና የሌሎች ሠራተኛ እህቶቻቸውን ኑሮ ቀርጸው ለአባላትም ለባለሥልጣናትም አሳዩ። ፊደል አለመቁጠር ጉዳይን ከማስረዳት እንደማያግድ አሳይተዋል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ወደ ራሳችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከዚያም ወዲህ የተመለሱ ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ቤተሰብ እንኳ ያልጠየቃቸው እህቶች አሉ። አንዲት ተመላሽ በደከመችበት ሰዓት ፊቷን ቀርጾ በቴሌግራምና በቲክቶክ መበተን ገመናዋን መግለጥ ነው። ነገር ግን እርሷ ራሷ ፈቅዳ፣ በመረጠችው ቃል፣ ደላላው ምን እንዳላት፣ ውሉ ምን እንደነበር፣ ስትመለስ ምን እንደጎደላት ብትናገርና ይህ በሴቶች ስብስብ ወይም በዕድር ቢታይ፣ ለመሄድ የተሰናዳች ልጅ ያላት እናት የምትጠይቀውን ታውቃለች። ሰፈሩም ለተመላሾች ምን እናድርግ ብሎ መነጋገር ይጀምራል።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እንያዝ። አንደኛ፣ ፈቃድ ከመቅረጽ በፊት ይጠየቅ፤ ከተቀረጸ በኋላ ባለቤቱ ይየውና ዳግመኛ ይጠየቅ። ሐሳቡን ከለወጠ ይሰረዝ፤ የሰው ድምፅና ፊት አማና ነውና። ሁለተኛ፣ ስለ ሌላ ሰው ክስ የሚናገር ከሆነ ሳይጣራ አይታይ፤ ስም ማንሣትም ሐሜት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ፊት ይታይ፤ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት የተለቀቀን መመለስ አይቻልም። አራተኛ፣ ከታየ በኋላ «እኛ ምን እናደርጋለን? ወረዳውን ምን እንጠይቃለን? ማን ይሄዳል? መልሱን መቼ እንሰማለን?» ተብሎ ኃላፊነት ይከፋፈል። አልቅሰን ከተበተንን ተናጋሪዋን ያለ ጥቅም አደከምናት።

ይህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የውሃ ቦኖው የደረቀበት ሰፈር ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው የሚሄዱበትን መንገድ በሦስት ደቂቃ ሊያሳዩ ይችላሉ። ልጆቻችንም ስልክ መያዝ ያውቃሉ፤ ከእኛ የሚጠብቁት አደቡን ነው። በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ተቀመጡና፣ የሰፈራችን የትኛው ችግር ባለቤቱ ሳይናገርለት ቀረ ብላችሁ ተመካከሩ።

አላህ የተበደለን የምንሰማ፣ የሰውን ገመና የምንሸፍን፣ ለመልካም ነገር የምንተባበር ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።