ውኃና የልጅ ጣት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ከእኔ በፊት የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ መንገድ ነበር የተናገሩት። እኔ የማቀርብላችሁ ግን ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ስለማይበልጥ፣ ከስስ እንጨትና ከሐኪም ቤት ስሪንጅ ስለ ተሠራ የልጆች መጫወቻ ነው። አዘጋጆቹ ርእሱን በነገርኋቸው ጊዜ ፈገግ ማለታቸውን አልደብቅም፤ አልተቀየምኋቸውምም። ይሁን እንጂ እስከ ፍጻሜው ድረስ ታደምጡኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ የምጨርሰው በመጫወቻ አይደለምና።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ስጦታ በላከችላት ጊዜ ነው። በካርቶኑ ውስጥ በልክ የተቆራረጠ እንጨት፣ ስምንት ትንንሽ ስሪንጆች፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና በሥዕል የተሞላ መመሪያ ነበር። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ዕቃ የሚያነሣ ክንድ ይሆናል። ስሪንጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በቱቦ ተያይዘው ውኃ ይሞላሉ፤ አንዱ ጥንድ ክንዱን ያዞረዋል፣ ሁለተኛው ያነሣዋል፣ ሦስተኛው ይዘረጋዋል፣ አራተኛው ጣቶቹን ያስጨብጠዋል። እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ እኔም ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ የማሳልፈው በሥራ ቦታ ካምፕ ነውና፣ ካርቶኑ ፈቃድ ወጥቼ ቤቴ እስክገባ ድረስ ሳይከፈት ጠበቀኝ።

ለመገጣጠም ሁለት ምሽት ፈጀብን። በሦስተኛው ምሽት የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ አንዱን ስሪንጅ ረግጦ ሰነጠቀው። እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርቱ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት ባለ 5 እና ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጆች ገዛን፤ መርፌዎቹን ባለ መድኃኒት ቤቱ እዚያው አስቀረልን። ቱቦውን ከግሉኮስ መስጫ መስመር ቆረጥን፤ መገጣጠሚያውን በሽቦ አሰርን። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የእኅቴ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የራሳችን ሥራ ሆነ፤ ጉድለቱም የራሳችን ሆነ።

የመጀመሪያው ጉድለት አየር ነበር። ልጄ ስሪንጁን ስትገፋው ክንዱ ወዲያው አይነሣም፤ እንደሚያመነታ ሰው ጥቂት ቆይቶ ነው የሚንቀሳቀስ። ሸክም ሲጫንበትማ ፈጽሞ ይለግማል። በቱቦው ወገብ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አየር መኖሯን እኔ አይቻለሁ፤ ግን ዝም አልሁ። ለመሐንዲስ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሚስቶቻችን ይመሰክራሉ። ልጄ ቱቦውን ወደ መብራቱ ዘርግታ እየገፋች ስታስተውል ያች አየር ስትጠብና መልሳ ስትሰፋ አየች። “አባዬ፣ አየሩ ይጨመቃል፤ ውኃው ግን እሺ አይልም” አለችኝ። እኔ ይህንኑ ነገር የተማርሁት በዩኒቨርሲቲ በሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ቢጨምሩበት የውኃ ይዘት ከሃያ ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይቀንስም፤ አየር ግን በግማሽ ይቀንሳል። ፍሬኑ አየር የያዘበት መኪና ነድቶ የሚያውቅ ሰው ቁልቁለት ላይ በእግሩ የሚያውቀውን፣ ልጄ በአውራ ጣቷ አወቀችው። መድኃኒቱንም ራሷ አገኘችለት፤ ሁሉንም ዕቃ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራ እዚያው ገጣጠመችው።

ሁለተኛውን ነገር ያመጣው ታናሹ ነው። የተሰነጠቀውን ስንተካ እጅ የሚገፋውን ባለ 5፣ ክንዱን የሚያነሣውን ባለ 20 አድርገን ነበር። የትንሹ የውስጥ ወርድ 12 ሚሊ ሜትር፣ የትልቁ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንሹን እስከ መጨረሻው 44 ሚሊ ሜትር ቢገፋው ትልቁ የሚንቀሳቀስለት 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልጁ በማስመሪያ ለክቶ ሲያበቃ፣ “ይሄ ሌባ ነው! ብዙ ሰጥቼው ትንሽ መለሰልኝ” ብሎ ፈረደ። ክሱ ተገቢ ስለ ነበር በቀላሉ ልመልሰው አልቻልሁም። ሁለቱን ስሪንጆች ከክንዱ ፈትተን አቆምናቸውና አንድ ኪሎ ስኳር በትልቁ ላይ አስቀመጥንበት። በአንድ ጣቱ ትንሹን ተጭኖ አነሣው። ቀጥለን ስኳሩን ወደ ትንሹ አዛወርነው፤ አሁን ትልቁን ለመጫን መዳፉን ሁሉ መጠቀም ግድ ሆነበት። ሌባ የተባለው ነገር በርዝመት የወሰደውን በጉልበት የሚከፍል መሆኑን ሲያይ ክሱን አነሣ። በስሌት ጉልበቱ 2.8 እጥፍ መሆን ሲገባው ከዚያ ማነሱን ግን አልነገርሁትም፤ ከፊሉን የጎሚኒው ሰበቃ ይበላዋል። ሰበቃውን ለመቀነስ የወጥ ዘይት ብንቀባው ጎሚኒው አብጦ ተቀረቀረ፤ ይህንም ትምህርት በአንድ ስሪንጅ ዋጋ ገዛነው።

ብሌዝ ፓስካል ይህንን ሕግ ባስረዳበት፣ ከሞተም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 በታተመው ጽሑፉ፣ ሁለት አፍ ያለውን በውኃ የተሞላ ዕቃ ያስባል፤ አንደኛው አፍ ከሌላው መቶ እጥፍ ይሰፋል፤ በጠባቡ በኩል የሚገፋ አንድ ሰው በሰፊው በኩል ከሚገፉ መቶ ሰዎች ጋር ይተካከላል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ የመንገዱንም ልክ አብሮ ማስተዋሉ ነው፤ መቶ እጥፍ ያገኘ ክፍሉ መቶ እጥፍ ያነሰ ይንቀሳቀሳል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ሐሳቡን ወደ መጭመቂያ ማሽን ለውጦ የባለቤትነት መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው፤ ከሐሳብ እስከ ብረት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የልጄ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። “ስንገፋው ጎበዝ ነው፤ ስንስበው ለምን ይደክመዋል?” አለችኝ። ልብ አድርጋችሁ እንደ ሆነ፣ ውኃ አይሳብም። ስሪንጁን ወደ ኋላ ስንጎትት ክንዱን የሚመልሰው በውጭ ያለው የከባቢ አየር ክብደት ነው፤ እርሱም ልክ አለው። በመግፋት በኩል ወሰኑ የእጃችንና የቱቦው ጥንካሬ ሲሆን፣ በመሳብ በኩል ወሰኑ ሰማዩ ነው ማለት ይቻላል። የእኛም ሰማይ ስስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ፓስካል ራሱ ይህን ለመመርመር የእኅቱን ባል ፍሎሬን ፔሪዬን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1648 ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ እንዲወጣ አድርጎ፣ የብርጭቆ ቱቦው ሜርኩሪ በከፍታው ላይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከእናንተ መካከል በውኃ ሥራ ላይ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ በባሕር ዳርቻ ፍጹም የሆነ ፓምፕ እንኳ ከአሥር ሜትር ብዙም አልፎ ውኃ መሳብ አይችልም፤ በእኛ ከተማ ወሰኑ ከስምንት ሜትር በታች ነው። እኔ ይህን ልዩነት በብዙ ስሌት ውስጥ አስገብቻለሁ፤ በጣቴ የተሰማኝ ግን በዚያ ምሽት በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። እውነተኛው ኤክስካቫተር በመሳብ ላይ የማይተማመነውም ስለዚህ ነው፤ ዘይቱ በፒስተኑ በሁለቱም ወገን እየገባ ሁልጊዜ ይገፋል።

አሁን ወደ አምስተኛው ምሽት እመጣለሁ። ከመገጣጠሚያዎቹ አንዱ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ከየት እንደ ሆነ ግን አይታይም። ልጄ ማንኛውም ልጅ የሚያደርገውን አደረገች፤ በአንድ እጅዋ ስሪንጁን እየገፋች በሌላው ጣቷ ቱቦውን እየዳበሰች ቀዳዳውን መፈለግ ያዘች። “እጅሽን አንሺ!” ብዬ ጮኽሁ፤ መጮኽ ብቻ ሳይሆን እጅዋን መታሁ። ውኃው ፈሰሰ፣ ልጅቱ አለቀሰች፣ እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። በዚያ መጫወቻ ውስጥ ያለው ግፊት አንድ የከባቢ አየር ግፊት እንኳ አይሞላም፤ ሊጎዳት የሚችል አንዳች ነገር አልነበረም። እንግዲህ ማብራሪያ የሚገባት እርስዋ ነበረች፤ እኔ ግን በዚያ ምሽት አልሰጠኋትም።

በ2006 ዓ.ም. በአንድ የመንገድ ሥራ ቦታ ወጣት መሐንዲስ ነበርሁ። አንድ ጠዋት የኤክስካቫተሩ ክንድ ዘይት ያፈስሳል ተባለና ረዳት መካኒኩ ሞተሩ ሳይጠፋ ጎማውን በግራ እጁ ሲዳብስ ድንገት እጁን ሰበሰበ። “ኢንጂነር፣ የሆነ ነገር ወጋኝ” ብሎ ሌባ ጣቱን አሳየኝ። መርፌ የነካው የምትመስል አንዲት ነጥብ ናት፤ ደም እንኳ አልነበራትም። “ምንም አይደል፤ ታጠበውና ቀጥል” አልሁት። ቀጠለም። ማታ እጁ እስከ አንጓው አበጠ፤ ሐኪም ዘንድ የደረሰው በማግሥቱ ነው፤ ጣቱም ተቆረጠ። በእነዚያ ማሽኖች ውስጥ ያለው ግፊት ከልጄ መጫወቻ ከ300 እጥፍ በላይ ነው፤ ከጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ቆዳን በስቶ በሥጋ ውስጥ ይሠራጫል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሕመሙ ትንሽ መሆኑ ነው ሰውን የሚያታልለው። እንዲህ ያለ ሰው እንዳያድር ሳይሆን እንዳይውል ወደ ቀዶ ሐኪም መድረስ አለበት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ያውቅ ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ አያነበውም፤ እኔ ደግሞ አንብቤው አላውቅም። ስለ አደጋው በጻፍሁት ሪፖርት ላይ “በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት” የሚል ቃል አስፍሬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል የተጻፈው በእኔ እጅ መሆኑን በሰው ፊት ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ታሪክ በማግሥቱ ጠዋት ለልጄ ነገርኋት፤ ሪፖርቱን ሳላስቀር። ስለ ጣቱ አታለቅስም ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እርስዋ ግን ጥቂት አሰበችና፣ “ታዲያ ቀዳዳውን በምን ይፈልገው ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ።

ባልደረቦቼ፣ መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ባልዲው መሬት ላይ ይወርዳል፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ይለቀቃል፤ በግፊት ላይ እያለ መፈለግ ግድ ከሆነም ከሩቅ ተይዞ በሚዘረጋ ካርቶን ወይም እንጨት እንጂ በእጅ አይደለም። ጥያቄዬ፣ ይህን የምታውቁ እናንተ ነገ ጠዋት በሥራ ቦታችሁ ላሉት ረዳቶች በሚያውቁት ቋንቋ ነግራችኋቸዋል ወይ የሚል ነው። ማስጠንቀቂያውን ተርጉሞ በየማሽኑ ላይ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ እኔ ባለሁበት ቦታ አድርጌዋለሁ፤ ጽሑፉን ለሚፈልግ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ልጄን ግን የመለስሁላት በአጭሩ ነው፤ “በካርቶን” አልኋት። እኅቴ የላከችውን ሣጥን ክዳን ቀደደችና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ወንድሟ ስሪንጁን ይገፋል፤ እርስዋ ካርቶኑን በክንዷ ርዝመት ዘርግታ በቱቦው ጎን ቀስ እያለች ታሳልፋለች። ሦስተኛው መገጣጠሚያ ላይ ስትደርስ በካርቶኑ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ታየ።