የተጠቃሚው ድምፅ ወዴት አለ?



በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። በሩ ለመንግሥትም፥ ለኩባንያም፥ ለተራው ሰውም ክፍት ነበር። ነገር ግን አብዛኛው የትግራይ ሕዝብ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ስለተቋረጠበት ጉባኤውን ከቤቱ ሆኖ መከታተል እንኳ አልቻለም።

ጉባኤው ይመክራል እንጂ አይወስንም። ስለዚህ ወንበር ማግኘት ብቻውን አይበቃንም፤ መስመር ሲዘጋ ምክንያቱና የጊዜው ልክ በሕግ ይገለጽልን፥ አቤት የምንልበትም ይኑረን እንላለን።

እዚህ ጌጃ ሰፈር በቴሌግራም ትእዛዝ የሚቀበል ልብስ ሰፊ መስመሩ ሲቋረጥ እንጀራው ይቋረጣል። የጉባኤውን የእንግሊዝኛ ሰነድ እርሱ ባያነብ እኛ እናነባለን። ማኅበራችን ሰነዱን በአማርኛ ይተርጉም፤ የሰፈሩንም አቤቱታ ሰብስቦ ያቅርብ። ተምረን ዝም ካልን ትምህርታችን ለማን ነው?