ወደ ፋርማሲስትነት የሚያደርሰው አጭር መንገድ የቱ ነው?

በሀዳር ሃካርሜል፣ ሃይፋ፣ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በሽታ ሳይሆን መድኃኒት ስለሚሰጠን ባለሙያ ነው። ብዙ ወላጆች «ልጃችን ፋርማሲስት (ሮኬያኽ) መሆን ትፈልጋለች፤ ቶሎ የምትጨርስበት መንገድ አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጆቻችን ከሠራዊት ሲመለሱ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት አልፏል፤ ቤተሰቡም እርዳታቸውን ይጠብቃል።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበን አስቀድመን እንግለጽ። በሀዳር ውስጥ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ብትገቡ ከባንኮኒው ጀርባ ዓረብኛና ሩስኛ ትሰማላችሁ። አማርኛና ትግርኛ ግን እምብዛም አይሰማም። በ1984 እና በ1991 (እ.ኤ.አ.) በተደረጉት ዘመቻዎች ወደ አገራችን ስንገባ የስኳር በሽታ በመካከላችን ብርቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ምግባችንም አኗኗራችንም ተለወጠ፤ ዛሬ በዘመዶቹ መካከል ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 «ረፉኣ ሽሌማ» የተባለውን ፕሮግራም ጀምሮ በኩፓት ሆሊም ክሊኒኮች ቋንቋችንን የሚያውቁ አገናኞችን (ሜጋሽሪም) አስገብቷል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ አገናኟ በሐኪሙ ክፍል እንጂ በመድኃኒት ቤት አትቆምም።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ደም የሚያቀጥን ኩማዲን የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል ሲበላ መጠኑን እንዳይለዋውጥ ይነገረዋል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳልና። «ቅጠላ ቅጠል» ሲባል አንዲት እናት ሰላጣ መስሏቸው «እኔ እሱን አልበላም» ይላሉ። ጎመን ግን በየጊዜው ይሠራሉ። ጎመንን የሚያውቅ ፋርማሲስት ይህን በአንድ ጥያቄ ይደርስበታል። በሲግድ ጾም ቀን ኢንሱሊን ስለሚወጉ አባቶችም እንዲሁ ነው፤ ሲግድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ባለሙያ በዓሉ ከመድረሱ በፊት «ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ከቆዩት ትምህርት ቤቶች አንዱ በኢየሩሳሌም ዓይን ካሬም የሚገኘው፣ በ1953 የተቋቋመው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ነው። ሌላው በቤርሼቫ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የመጀመሪያው ዲግሪ 4 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ የ6 ወር የሥራ ልምምድ (ስታዥ) አለ፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሚጠይቀው ፈተናም ታልፎ ፈቃድ ይገኛል። ይህ መንገድ በ2 ዓመት አያልቅም። «እናሳጥርላችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ምኑን እንደሚያሳጥር መጠየቅ ይገባል።

በአሜሪካ ፋርማሲስት ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት መሰናዶና የ4 ዓመት የሙያ ትምህርት ይጠይቃል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የክረምቱን ዕረፍት አስቀርተው 4ቱን ዓመት በ3 ይጨርሳሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁን ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ተቀብለው በ6 ዓመት ያስመርቃሉ። በሁለቱም ያጠረው ዕረፍቱና መጠበቁ ነው፤ ትምህርቱ አልተቀነሰም። ከጎንደር የመጣችሁ ሽማግሌዎችም የምታስታውሱት አለ። በ1953 በደምቢያ ወባ ገብታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀች በኋላ በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐኪም ለማሠልጠን ከሚፈጀው ባነሰ ጊዜ የጤና መኮንኖችን አሠለጠነ። እነርሱም ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ ሆኖም የተማሩት የራሱ ስምና የራሱ ኃላፊነት ያለውን ሌላ ሙያ ነው።

በዚህ አገርም «የፋርማሲስት ረዳት» የሚባል አጭር ኮርስ አለ። ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ለአንዳንዱ ልጅም ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል። ነገር ግን ረዳት ለ10 ዓመት ቢሠራ በዚያ ብቻ ፋርማሲስት አይሆንም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሙያ ስም ምን እንደሆነ ጠይቁ። ወደ ውጭ አገር ሄዶ መማር የሚፈልግ ልጅም ትምህርት ቤቱ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ከመሄዱ በፊት ያረጋግጥ፤ ተመልሶ የፈቃድ ፈተና መቀመጡ አይቀርምና።

እንግዲህ ዓመታቱ የሚባክኑት የት ነው? በእኛ እይታ ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ነው። ልጁ ገና 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ሳለ ለሒሳብ በየደረጃው ይመደባል (ሃካባጻ ይሉታል)። ዝቅተኛው ላይ ከተመደበ በኋላ ላይ 4 ወይም 5 ዬሂዶት ሒሳብ መድረስ ይከብደዋል። ወላጅ የወረቀቱን ትርጉም ሳይረዳ ይፈርማል፤ ልጁም ከሠራዊት ተመልሶ በ22 ዓመቱ ባግሩትን እንደገና ይማራል። አንድ ዓመት ለሒሳብ፣ አንድ ዓመት ለኬሚስትሪ፣ ከዚያም ለፕሲኮሜትሪ ፈተና ያልፋል። ሌላው ወጣት በዚህ ጊዜ ዲግሪውን ወደ ማጋመስ ደርሷል። ስለዚህ በ«ዮም ሆሪም» ወደ መሐኔኽቷ ስትሄዱ «ልጄ ጎበዝ ነው ወይ?» ከማለት «በሒሳብ የትኛው ሃካባጻ ነው? ከፍ ለማለት ምን ይጎድለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኬሚስትሪ በ5 ዬሂዶት የሚሰጥ መሆኑንም ጠይቁ። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም። ትንሹን ልጅ ለማስተርጎም መውሰድ ግን አንመክርም፤ ልጅ ስለ ራሱ የሚባለውን ሁሉ አያስተረጉምማ!

ባግሩቱ ለጎደለበት ሜኺና አለ። ከሠራዊት ሲወጣ ወዲያው ቢገባ ዓመት ያተርፋል። ለተሰናበተ ወታደር የሚቀመጠው የግል ገንዘብ (ፒካዶን) ለትምህርት ይውላል፤ በ5 ዓመት ውስጥ ለዚህ ዓላማ መጠቀም እንደሚቻል አስታውሱት፤ አንዳንዱ ለመኪና ወይም ለሠርግ ሲጠብቀው ዓመቱ ያልፋል። ለኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ተማሪዎች ሚንሃል ሃስቱዴንቲም የሚሰጠው የትምህርት ክፍያ እርዳታ አለ፤ ልጁ እዚህ ተወልዶ ቢሆንም ሄዶ ይጠይቅ። በፔራኽ ልጆችን የሚያስጠና ተማሪም ስኮላርሺፕ ያገኛል። አቱዳ የሚያስብ ልጅ ፋርማሲ በዚያ ዓመት መኖሩን ከሠራዊቱ ያጣራ።

ልጃችሁ ከሃይፋ ርቆ መኖሩ ያሳስባችሁ ይሆናል። ሴት ልጅ ብቻዋን ኢየሩሳሌም እንዴት ትቀመጣለች የሚሉም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መኖሪያ (ሜዖኖት) አለ። ቤርሼቫም ቢሆን በባቡር ይደረሳል፤ ዓርብ በጊዜ የተነሳች ልጅ ሰንበት ሳይገባ ቤቷ ትደርሳለች።

የዩኒቨርሲቲው ዓመት የሚጀምረው ከሱኮት በኋላ ሲሆን ምዝገባው ከወራት በፊት ነው። ፕሲኮሜትሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሰጥ ውጤቱ ለምዝገባው እንዲደርስ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። የባግሩት ወረቀትና የወላጆች ቴዑዳት ዜሁት ቅጂ በአንድ አቃፊ ይቀመጥ። ወረቀቱን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናነበዋለን።