የደም ብዛትና የማይታየው የደም ሥር ዝገት



ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ለሥራ የሚመላለስ የመንግሥት ሠራተኛ በሐሙሲት ሲያልፍ፥ ዝናብ የመታው ማረሻ በዝገት ተበልቶ ያይ ይሆናል። ብረቱን እንዲህ የሚበላው፥ እኛንም በሕይወት የሚያኖረን ኦክሲጂን ነው። ይኸው ኦክሲጂን በሰውነታችን ውስጥ በከፊል ወደ ጎጂ መልክ ይለወጣል። ጎጂው ሰውነት ሊከላከለው ከሚችለው በላይ ሲበዛ፥ በደም ሥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዝገትን ይመስላል።

የደም ሥር እንደ ውኃ ቧንቧ ግዑዝ ነገር አይደለም። ውስጠኛው ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጨ የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላዋል፤ ደሙም ያለ ችግር ያልፋል። የዚህን ጋዝ ተግባር የገለጡት ፈርችጎት፥ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1991 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አንጂዮቴንሲን የሚባለው የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር ሲበዛ ግን፥ ሱፐርኦክሳይድ የተባለው ጎጂ ዓይነት ይበረክታል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድንም ሥራውን ሳይፈጽም ያጠፋዋል። ስለዚህ የደም ሥሩ ይጠባል፥ ይደነድናል፥ ግፊቱም ይጨምራል። የጨመረው ግፊት ደግሞ በተራው ሽፋኑን እየጎዳ ሌላ ጎጂ ኦክሲጂን ይወልዳል። እንዲህ አንዱ ሌላውን እየመገበ ሕመሙ ይጸናል።

ከሁሉ የሚከፋው፥ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ምንም አለመሰማቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፥ የደም ብዛት ካለባቸው ጎልማሶች ከመቶው 46ቱ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ስለሆነም «አላመመኝም» ብሎ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ ለዝገቱ በር መክፈት ነው። ኤናላፕሪልን የመሰሉት መድኃኒቶች አንጂዮቴንሲን እንዳይበዛ ስለሚያደርጉ፥ ግፊቱን ከመቀነሳቸው ሌላ የጉዳቱን ምንጭ ለማድረቅ ይረዳሉ። በአንጻሩ የቫይታሚን ኢ እንክብል በዚህ ፈንታ የሚቆም አይደለም። ከ9,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትና በ1992 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ እንክብሉ ከልብ ሕመም እንዳልጠበቃቸው አሳይቷል።

ጨውን በቀን ከ5 ግራም በታች ማድረግ፥ ሲጋራን መተው፥ ከቢሮ ወንበር ተነሥቶ በእግር መሄድ የሁላችንም ድርሻ ነው። ልኩ ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ሐኪም ያማክር። በሐሙሲትም ሆነ በባሕር ዳር ክንድን ለመለኪያው መስጠት የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ዛሬውኑ እንለካ።