«መጤ» የሚለው ቃልና የመራጩ ድምፅ

(ለተማሪዎች ኅብረት አባላት የተደረገ ንግግር)



ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከወሎም ሆነ ከጋሞ፥ ከጎጃምም ሆነ ከወለጋ የመጣ ሰው የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲከብደው ወደነዚህ ይወጣል። የምናገረው ግን ስለ ሰዎቹ መምጣት ሳይሆን የዜና ሰዎች ስለሚያወጡላቸው ስም ነው።

የእነዚህን ከተሞች ዜና በአማርኛና በኦሮምኛ የሚከታተል ሰው ስለ ሁለት አገር የሚወራ ሊመስለው ይችላል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው በአንዱ «ተፈናቃይ»፥ በሌላው «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» ይባላል። አንዱ ከተማው ሲሰፋ መሬቱን በትንሽ ካሣ የለቀቀውን ገበሬ ይዘነጋል፤ በ2006 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ላይ ተቃውሞ የተነሣው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ከተቋቋመ በኋላ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ የቀረውን ይዘነጋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው ፍርዱም ግማሽ ነው።

ወሬ እግር አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ ሰዎች ተገድለው ብዙዎች ሲፈናቀሉ፥ መርዶው አርባ ምንጭ ደረሰና ወጣቶች በዚያ በሚኖሩ ኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ላይ ሊበቀሉ ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሱአቸው። ሽማግሌዎቹ መርዶውን አልካዱም፤ የገዳይ ጥፋት የጎረቤት ጥፋት አለመሆኑን ግን አስታወሱ። ከዜናው የጎደለውን ሞሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት፥ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ መራጭ ነው። ሕጉ «ነዋሪ» ያለውን ሰው ዜናው «መጤ» ሲለው፥ ጎረቤቱ የዚያን ሰው ድምፅ እንደ ስርቆት ማየት ይጀምራል። መጤ የተባለውም በፊናው የሚመርጠው መንገድና ውኃ የሚያመጣለትን ሳይሆን ከጎረቤቱ የሚያስጥለውን ነው። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ደግሞ ኦፌኮና ኦነግ ስላልተወዳደሩ፥ በነዚህ ከተሞች የነበረው ቅሬታ በካርድ በሚገባ ሳይመዘን ቀረ። በካርድ ያልተመዘነ ቅሬታ ወደ ወሬ ይመለሳል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፥ ስለ ሰበታ ወይም ስለ ሱሉልታ ዜና ስንሰማ እንጠይቅ፤ መሬቱ የማን ነበር? ማን ሸጠው? ማን ፈቀደ? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ? ይህ ጥያቄ በዚህች በራሳችን ጋዜጣ ለምንጽፈውም ይሁን።