ስሪት ሲለወጥ፦ የኢምቤድድ ማበልጸጊያ ሶፍትዌርን ስለ ማሳደግ



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ ተራ ሥራ ሊመስል ይችላል። በስልካችን ላይ ያለ መተግበሪያ አዲስ ስሪት ሲመጣለት አንድ ቁልፍ ተጭነን እናልፋለን። የኢምቤድድ ማበልጸጊያን ስናሳድግ ግን የምንለውጠው ኮምፓይለሩንና ላይብረሪዎቹን ነው። ከእነርሱ የሚወጣው ፈርምዌር ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ማንም ሳያየው ይሠራል። ከራሳችን ኮድ አንድ መስመር ሳንነካ የመሣሪያው ጠባይ ሊለወጥ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የምትመርጡትን ኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር እንውሰድ። አምራቹ ኤስፕሬሲፍ የሚያቀርበው ማበልጸጊያ ኢኤስፒ-አይዲኤፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 5.0 ስሪት፣ ጊዜን የሚይዘው «ታይም-ቲ» የተሰኘው የዳታ ዓይነት ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት አድጓል።

ለምን አስፈለገ? ጊዜው የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። አሉታዊም አዎንታዊም የሚይዝ የ32 ቢት ቁጥር ከ2,147,483,647 አያልፍም። ይህ ልክ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ዕለቱ ጥምቀት መሆኑን ልብ ብላችኋል። ሕዝቡ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ፣ ያልታደሰ ሰዓት በቀጣዩዋ ሰከንድ ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይወረወራል። ዛሬ የሚተከል የመብራት ወይም የውኃ ቆጣሪ ከዐሥር ዓመት በላይ እንዲያገለግል ይታሰባል፤ ያ ቀን በሥራ ላይ ሊያገኘው ይችላል። «የሚሠራውን አትንካ» የሚለውን ምክር በሌላ ቦታ አከብረዋለሁ። እዚህ ግን አያዋጣም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የራሱ መዘዝ አለው። አንድ ቆጣሪ በየሰዓቱ ጊዜውንና በ32 ቢት የተያዘ ንባቡን በፍላሽ ሜሞሪ ይመዘግባል እንበል። የተለመደው አጻጻፍ ሁለቱን በአንድ ስትራክት አድርጎ እንዳለ መገልበጥ ነው። በአሮጌው ስሪት መዝገቡ 4 ባይት ለጊዜ፣ 4 ባይት ለንባብ፣ በጠቅላላው 8 ባይት ነበር። በአዲሱ ጊዜው ብቻውን 8 ባይት ይወስዳል፣ ንባቡ 4፣ ኮምፓይለሩም ለአሰላለፍ ብሎ 4 ባዶ ባይት ያክላል፤ 16 ይሆናል። አዲሱ ፈርምዌር ቀድሞ የተጻፈውን ሲያነብ የመጀመሪያው መዝገብ ጊዜና ንባብ ተጣብቀው እንደ ጊዜ ይቆጠራሉ። በንባቡ ቦታ የሚገኘው ደግሞ የሁለተኛው መዝገብ ጊዜ ነው፤ ይህም ዛሬ ከ1.7 ቢሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር ነው። በዚህ ንባብ ለደንበኛው የሚደርሰውን ሂሳብ አስቡት።

ኮምፓይለሩ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም። በዚያው ስሪት በኢኤስፒ32 ላይ ባለ 32 ቢቱ ኢንቲጀር ከ«ኢንት» ወደ «ሎንግ» በመዛወሩ፣ የቆዩ የ«ፕሪንት-ኤፍ» መስመሮች ስሕተት ተብለው ግንባታውን ያስቆማሉ። ተማሪ የሚማረረው በዚህ ነው፤ እኔን ግን አያስፈራኝም፤ የቆመበትን መስመር ቁጥር ይነግረናልና። የሚያሳስበኝ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያልፈው ነው። በባዶ ሉፕ የሚቆጠር መዘግየትም ከዚሁ ወገን ነው፤ የተሻለ የሚያመቻች ኮምፓይለር «ምንም አይሠራም» ብሎ ጠቅልሎ ሊያስወግደው ይችላል።

ስለዚህ ሽግግሩን ከአዲስ ሥራ ጋር አትቀላቅሉት። በመጀመሪያ በአሮጌው ስሪት ገንብታችሁ፣ በመስክ ያለውን ፈርምዌር በትክክል መልሳችሁ ማግኘት መቻላችሁን አረጋግጡ። ይህን የማይችል ቡድን ለማሳደግ ገና አልተዘጋጀም። ወደ ፍላሽ የሚጻፍ መዝገብ መጠኑ በግልጽ የተወሰነ ዓይነት ይኑረው፤ በራሱም ላይ የቅርጽ ቁጥር ይያዝ። የስትራክቱን መጠን በስታቲክ አሰርት ብትቆልፉት፣ ያ ዝምተኛ ስሕተት በግንባታ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መመለሻው ነው። ኢኤስፒ32 ሁለት ፈርምዌር በተለያየ ክፍል ይዞ፣ አዲሱ ካልተሳካ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል። የሚመለሰው ግን ፕሮግራሙ ብቻ ነው፤ መዝገቦቹ አይመለሱም። አዲሱ ፈርምዌር በነቃ በመጀመሪያው ደቂቃ መዝገቡን ሁሉ ወደ 16 ባይት ከለወጠው፣ አሮጌው ተመልሶ የሚያገኘው የማያውቀውን ቅርጽ ነው። ስለዚህ አዲሱ አሠራሩ በፍተሻ እስኪጸድቅ ድረስ የቀድሞውን ቅጂ ሳይነካ በጎን ይጻፍ። ቦታ ይፈጃል፤ የፍላሽ ክፍፍሉም ከመጀመሪያው ይህን ታሳቢ አድርጎ መነደፍ አለበት፤ በመስክ ባለ መሣሪያ ላይ ክፍፍሉን በኋላ መለወጥ እጅግ አደገኛ ነውና።

በዚህ ላይ ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ ክፍት ነው።